ለእናትዎ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉ ቤት አያብሩ፦ ከሀሪኬን በኋላ መብራት ለቀናት ሲጠፋ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። በ2024ቱ ሀሪኬን ቤሪል ጊዜ ስምንት ቀን ያለ መብራት ቆየን። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ሌሊት ደግሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተኛው። ያን ጊዜ ዳላስ ወንድሜ ቤት ወስደናት ተረፍን። ዘንድሮ 7,500 ዋት ጄኔሬተር ልገዛ አስቤያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ጋራዥህ ውስጥ በሩን ከፍተህ አስነሳው፤ በልብስ ማድረቂያው ሶኬት በኩል ብትሰካው ሙሉ ቤቱ ይበራል› አለኝ። ትክክል ነው? ፍሪጅ ውስጥ ያለ ምግብና ኢንሱሊንስ ስንት ቀን ይቆያል? እናቴ በበኩሏ ‹ከሰል ካለ ምን ያስጨንቅሃል› ትላለች።»

ምላሽ፦

ባልደረባዎ ከሰጡዎት ሁለት ምክሮች አንዱ ቤት ውስጥ የተኛውን ሰው ይገድላል፣ ሌላው ደግሞ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ። ስለዚህ ከዋትና ከዋጋ በፊት እነዚህን ሁለቱን እናንሳ።

የጋራዡ በር መከፈቱ ምንም አያድንም። የቤንዚን ሞተር በሠራ ቁጥር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ የሚሸትዎት ሌላው ጭስ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚያስጠነቅቀው ከአንድ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ከሚያወጡት ጋር ይተካከላል። መኪና ጋዙን የሚያጣራ መሣሪያ በጭስ ማውጫው ላይ አለው፤ አብዛኛው ጄኔሬተር ግን የለውም። ጋራዥዎ ከቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ጋዙ በበሩ ሥር፣ በጣሪያው ክፍተትና በኤሲው ቱቦ ዳር ዳር ሾልኮ ይገባል። ነፋሱ ወደ ቤቱ የሚነፍስ ከሆነማ ያ የተከፈተ በር ጋዙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ አያስወጣውም። አንዴ ከተተነፈሰ በኋላ ደም ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። የተመረዘው ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሙቀቱና ድካሙ ያመጣው መስሎት ጋደም ይላል። ከዚያ የማይነሳ ብዙ ነው።

እኛ ቤት ያልደረሰ ነገርም አይደለም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት ሲጠፋ፣ እዚሁ ሂውስተን አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ብርዱን ለማሳለፍ ጋራዥ ውስጥ ያለውን መኪና አስነሥተው እናትና ትንሽ ልጇ ሞቱ። በዚያ የበረዶ ወቅት በዚሁ ጋዝ ምክንያት ሕክምና የፈለገው ሰው በክፍለ ግዛቱ ከ1,400 በላይ ነበር። ጥንቃቄ የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ የነገራቸው አልነበረም። ለዚህ ነው ነገሩን አርዝሜ የምጽፈው።

ጄኔሬተር የሚቀመጠው ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከእርስዎም ከጎረቤትዎም መስኮትና በር ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነው። በረንዳ ሥር፣ የመኪና ጥላ ሥር፣ ሁለት ግድግዳ መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ አይሆንም። ዝናብ ካስፈራዎት ለጄኔሬተር ተብሎ የተሠራ፣ ጎኖቹ ክፍት የሆኑ ሽፋን ይሸጣል። አደገኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ሲሰማው ራሱ የሚጠፋ ጄኔሬተር አሁን በየመደብሩ አለ፤ ከተቻለ እሱን ይግዙ። ነገር ግን መለኪያው የሚያሸተው ሞተሩ አጠገብ ያለውን አየር እንጂ እናትዎ የተኙበትን ክፍል አይደለም። የመኝታ ክፍሉን የሚጠብቀው በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ነው። በእያንዳንዱ ፎቅና ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ አንድ አንድ ያስፈልጋል። በግድግዳ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ አላርም መብራት በጠፋበት ሰዓት አብሮ ይሞታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ባለበት ቤት ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አይጠፋም። በካርቦን ሞኖክሳይድ ጊዜ ያንን መለኪያ እንዳያምኑት። መሣሪያው ጋዙ የተጣበቀበትን ደም ኦክስጅን ከያዘው ደም መለየት ስለማይችል 98 እያለ ሰውየው ሊሞት ይችላል። አላርሙ ከጮኸ ወይም ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ቁጥር ሳታዩ ውጡና 911 ደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ እናትዎ ቢያንስ የቋንቋውን ስምና የቤቱን አድራሻ በእንግሊዝኛ መናገር ይለማመዱ።

የእናትዎን አባባል ደግሞ ቀላል ነገር ብዬ አላልፈውም፤ ብዙዎቻችን የምናምነው ነውና። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ይራገባል፣ ጭሱ ይወጣል፤ ፍሙ ቀልቶ ሲረጋ «አሁን ምንም የለውም» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ማለቁ ጋዙ ማለቁ አይደለም። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ሳይነድ የሚወጣ እርጥበትና ቅጥራን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚሰጠው ግን ቀዩ ፍም ራሱ ነው፣ በተለይ አመድ ለብሶ አየር ሲያጥረው። ደህና ሆነ ብለን ወደ ሳሎን የምናስገባበት ሰዓት ጋዙ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ሰዓት ነው ማለት ነው። አገር ቤትም በከሰል ታፍኖ የሚሞት ሰው ዜና በየክረምቱ እንሰማለን። እዚህ ደግሞ ቤቱ የተሠራው ቀዝቃዛው አየር እንዳያመልጥ ስንጥቁ ሁሉ ታሽጎ ነው። ቡናው ይፈላ፣ ነገር ግን ጓሮ ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ። ምድጃው ከተጠቀማችሁበት በኋላም አመዱ እስኪበርድ ደጅ ይደር። የእናትዎ የኦክስጅን ማሽን በሚሠራበት ወይም ሲሊንደሩ በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጧፍም ቢሆን፣ ሻማም ቢሆን፣ ዕጣንም ቢሆን እሳት አይብራ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ግን በቅጽበት ያነድዳል፣ ልብሱንና አልጋውን ጨምሮ። ለጸሎት የሚበራው በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

አሁን ወደ ልብስ ማድረቂያው ሶኬት። ለዚህ የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ፣ ማለትም ሶኬት ውስጥ የሚገባው ብረት በሁለቱም በኩል ያለው ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ከተነቀለ የተጋለጠው ብረት 240 ቮልት ይዞ እጅዎ ላይ ይቀራል። የባሰው ግን ከቤት ውጭ የሚሆነው ነው። ጎዳናው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ከመስመሩ የሚመጣውን ብዙ ሺህ ቮልት ለቤትዎ ወደ 240 ያወርዳል። ከቤትዎ በኩል 240 ሲገባበት ደግሞ በተገላቢጦሽ ወደ ሺዎች ቮልት አውጥቶ ጠፍቷል ወደተባለው መስመር ይልከዋል። ከሌላ ክፍለ ግዛት ድረስ መጥቶ ያንን መስመር በእጁ የያዘ ሠራተኛ አለ። «ዋናውን ብሬከር አስቀድሜ አወርዳለሁ» የሚል መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ጨለማ ውስጥ፣ በላብና በእንቅልፍ እጦት በአራተኛው ሌሊት፣ ወይም እርስዎ ሥራ ሄደው ልጅዎ ሲያስነሣው ማን ያስታውሳል? መብራቱ በድንገት ሲመጣም ሁለቱ ኃይሎች ተጋጭተው ጄኔሬተሩን ያቃጥሉታል፣ ቤቱንም ሊያነዱት ይችላሉ።

በሕጋዊ መንገድ ቤቱን ከጄኔሬተር ጋር ማገናኘት ይቻላል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግድግዳው ላይ የጄኔሬተር መግቢያ ይሠራል፤ ፓኔሉ ላይ ደግሞ ዋናው ብሬከርና የጄኔሬተሩ ብሬከር በፍጹም ባንድ ላይ እንዳይበሩ የሚከለክል የብረት መቆለፊያ ወይም ማዛወሪያ ይገጥማል። ጥሩ ሥራ ነው። ለእርስዎ ግን የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ከታች በሂሳብ አሳያለሁ።

ከዚያ በፊት ለስንት ቀን እንደሚዘጋጁ ይወስኑ። ቤሪል ጁላይ 8 ቀን 2024 ማታጎርዳ አጠገብ ወደ የብስ ሲገባ ደረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአምስቱ ዝቅተኛው። ሆኖም በሂውስተን አካባቢ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ ከሳምንት በላይ የቆዩ ብዙ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት፣ ሜይ 16፣ ስም እንኳ ያልነበረው የነፋስ ማዕበል አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ደንበኛ አጨልሞ ነበር። በ2008 ሀሪኬን አይክ ጊዜም እንደዚሁ ከሁለት ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ የሀሪኬኑን ደረጃ ሰምቶ «ይሄ ደካማ ነው» ማለት አያዋጣም። መስመሩን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ራሱ ሳይሆን ነፋሱ የሚጥለው ዛፍ ነው፤ ሂውስተን ደግሞ ዛፏ ብዙ ነው። ጥገናውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ትልልቆቹ መስመሮችና ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ ቀጥሎ ሆስፒታልና የውሃ ጣቢያ፣ ከዚያ ብዙ ቤት ባንድ ጊዜ የሚያበሩ መስመሮች፣ በመጨረሻ አምስትና አሥር ቤት ብቻ የሚመግቡ ቅርንጫፎች ይጠገናሉ። ከመንገድ ማዶ በርቶ እርስዎ ጋ የጨለመው ረስተዋችሁ አይደለም፤ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ስላላችሁ ነው። አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚዘነጋው ነገር ደግሞ አለ፤ ከጣሪያው ወጥቶ ሽቦውን የሚቀበለው ቱቦ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነው። ዛፍ ገንጥሎት ከሆነ ኤሌክትሪክ ኩባንያው አይጠግነውም፤ በባለሙያ እስኪሠራም መብራት አይለቅም። ነፋሱ እንዳለፈ በነጋታው ቀና ብለው ይዩት፤ ሽቦ መሬት ላይ ካለ ግን አይጠጉ።

እንግዲህ ለስምንት ወይም ለአሥር ቀን እናስላ። 7,500 ዋት ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በቀን ከ14 እስከ 18 ጋሎን ቤንዚን ይበላል። ለስምንት ቀን ከ110 ጋሎን በላይ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ቤንዚን ቤት ማስቀመጥ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ማደያዎቹ ደግሞ ቤንዚኑን ከታንከር የሚስቡት በኤሌክትሪክ ስለሆነ እነሱም ጋ መብራት የለም፣ ያለበት ጋ ሰልፉ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ ከፍለውም የቤቱን ዋና ኤሲ አስተማማኝ ሆኖ አያስነሣልዎትም። የሦስት ቶን ኤሲ (ቶኑ የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም) ሲሠራ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፣ በሚነሣባት ቅጽበት ግን የሚስበው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

ሂሳቡን ከእናትዎ ክፍል እንጀምረው። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የኦክስጅን ማሽን ከ300 እስከ 350 ዋት ይወስዳል። 5,000 ቢቲዩ የሆነ (ይህም የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) መስኮት ላይ የሚገጠም ትንሽ ኤሲ ወደ 450 ዋት፣ ፍሪጁ ሲሠራ 150 ገደማ፣ መብራት፣ ስልክና ትንሽ ማራገቢያ 100። ቢደመር ከ1,100 ዋት እምብዛም አያልፍም። ይህን 2,200 ዋት የሚባለው ትንሽ ኢንቨርተር ጄኔሬተር (ሳያቋርጥ የሚሰጠው 1,800 ገደማ ነው) ይችለዋል፤ መጀመሪያ ኤሲውን፣ እሱ ከረጋ በኋላ ፍሪጁን ካስነሡ ማለት ነው። የሚበላው በቀን ወደ አምስት ጋሎን ነው። አንድ ቀይ ጀሪካን መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አንድ ሰው አንሥቶ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል፣ ለማሽኖች የሚስማማ የረጋ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነው። በፕሮፔንም የሚሠራውን ቢመርጡ ይሻላል፤ ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል፣ ፕሮፔን አይበላሽም። ኃይሉ ከጓሮ ወደ ክፍሉ የሚገባው ለውጭ በተሠራ ወፍራም፣ 12 ጌጅ በሚባለው ማራዘሚያ ገመድ ነው። ቀጭኑ የገና መብራት ገመድ ሞቆ ይቀልጣል፤ ምንጣፍ ሥርም አይለፍ። መስኮቱ ላይ ገመዱ የሚገባባትን ክፍተት በፎጣ ይድፈኗት፤ የጭሱ መንገድ እንዳትሆን።

ጄኔሬተር እንደ ግድግዳ ሶኬት ተሰክቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከበረደ በኋላ ነው፤ የጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ይነዳል። ሌላው ብዙ ሰው የሚያዘናጋው ዘይት ነው። ስምንት ቀን ሌሊትና ቀን ከሠራ ወደ 200 ሰዓት ገደማ ነው፤ አዲስ ሞተር ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ መቀየር ይፈልጋል። በሦስተኛው ሌሊት «ምንም ሳይሆን ቆመ፣ እምቢ አለ» የሚባለው ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ አንሶ ራሱን ለማዳን የጠፋ ነው። ሦስት አራት ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ ሻማ (የሞተሩን ማለቴ ነው) እና ማንዋሉ ከጀሪካኑ አጠገብ ይቀመጡ። በሰንሰለት ይታሠር፤ በእነዚያ ቀናት ይሰረቃል።

ቻርጅ የሚደረገውን ትልቅ ባትሪ፣ ፓወር ስቴሽን የሚሉትን፣ ብዙ ሰው ከአቅሙ በላይ ያምነዋል። 1,000 ዋት ሰዓት የሚባለው የእናትዎን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሌሊት አያሳድርም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ እስኪበርድና እስኪሞላ ያለችውን ሠላሳ ደቂቃ ይሸፍናል፣ ጭስ ስለሌለው ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ጄኔሬተሩ ሲሠራ ደግሞ ተመልሶ ይሞላል። አፓርትመንት ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን ምርጫው ይህ ብቻ ነው። በረንዳ ላይ የተነሣ ጄኔሬተር የላይኛውን ፎቅ ነዋሪ ይመርዛል።

የኦክስጅኑ ነገር ከጄኔሬተር በላይ ነው። ሕይወት በአንድ ትንሽ ሞተር ላይ አይንጠለጠልም። ማሽኑን ለሰጣችሁ ድርጅት ከወቅቱ በፊት ደውለው የመጠባበቂያ ሲሊንደር ያስመጡ፤ ስንት እንደሚሰጡ፣ መንገድ ቢዘጋ ከየት እንደሚሞላ ይጠይቁ። «ኢ» የሚባለው መጠን 680 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሐኪሙ ያዘዘው በደቂቃ ሁለት ሊትር ከሆነ ከአምስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። አንድ ሌሊት ሁለት ሲሊንደር ማለት ነው። እንዲቆይ ብላችሁ ያለ ሐኪም መጠኑን አትቀንሱ። በቴክሳስ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ለሚኖር ታማሚ ሐኪም የሚፈርምበት ቅጽ አለ፤ ለኤሌክትሪክ መስመር ኩባንያው ሲገባ ቤቱ በልዩ ሁኔታ ይመዘገባል። ያስሞሉት፣ በጊዜው ያሳድሱት። ነገር ግን ቅጹ መብራት እንደማይጠፋም ሆነ ቶሎ እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም፤ ቅጹ ራሱ ይህን ይላል። 211 ወደሚባለው የመረጃና የእርዳታ ስልክ ደውሎ በክፍለ ግዛቱ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መዝገብ ስማቸውን ማስገባትም ይቻላል፤ እሱም ዋስትና አይደለም፣ ግን ፈላጊ ሲወጣ ስማቸው ይኖራል።

ሙቀቱን አትናቁት። ከቤሪል በኋላ ከሞቱት መካከል ቤታቸው ውስጥ በሙቀት የሞቱ አሉበት። አዲስ አበባ ሳምንት መብራት ቢጠፋ የሚያሳስበን ምግቡና ስልኩ ነው፤ የሂውስተን ቤት ግን ያለ ኤሲ እንዲኖሩበት አልተሠራም፣ ሌሊትም አይበርድም። የስኳር ሕመምና እድሜ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውነት ሙቀቱን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ክፍሉ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ማራገቢያ ትኩሱን አየር ያዘዋውራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከምድር ቤት ያለ፣ ፀሐይ የማይመታው አንድ ክፍል ይምረጡ፤ ትንሹ ኤሲ እዚያ ይገጠም፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይንጠልጠል፣ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይተኛ። እናትዎ ከተደናገሩ፣ ቆዳቸው ከተኮሰ፣ ንግግራቸው ከተምታታ 911 ነው እንጂ ውሃ አጠጥቶ መጠበቅ አይደለም።

ምግብን በተመለከተ አጭር ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግብ የሚጠብቀው አራት ሰዓት ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24። ስለዚህ ከነፋሱ በፊት ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ ሞልተው ያቀዝቅዙት። አንድ ኩባያ ውሃ አርግተው ላዩ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኙት ፍሪዘሩ እርስዎ በሌሉበት ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው። ከ40 ፋራናይት በላይ ከሁለት ሰዓት የበለጠ የቆየ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ የበሰለ ወጥ ይጣል። ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። «ወጡን ጠዋት ማታ ካፈላሁት ምን ይሆናል» የሚባለውም እዚህ አይሠራም፤ ማፍላት ባክቴሪያውን ቢገድልም አንዳንዱ አስቀድሞ የረጨው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ውስጡ ገና በረዶ ያለበት ሥጋ ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ በደንብ የተነጠረው ቅቤ ምንም አይሆኑም፤ ለእነዚያ ቀናት ምግባችሁ ከእነሱ ይሁን። የምግብ እርዳታ ካርድ ያላቸው ቤተሰቦች ምግቡ በተበላሸ በአሥር ቀን ውስጥ ለ211 ካመለከቱ ሊተካላቸው ይችላል።

ኢንሱሊን ሰው ከሚያስበው በላይ ይታገሣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው ከፍሪጅ ውጭ ከ59 እስከ 86 ፋራናይት ባለ ሙቀት እስከ 28 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የእናትዎ ዓይነት የተለየ እንዳይሆን ግን የራሱን ወረቀት ይመልከቱ። የሚያበላሸው ፀሐይ፣ የመኪና ውስጥ ሙቀትና በረዶ ነው። በረዶ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ኢንሱሊን ረግቶ ቢቀልጥ የሚመስለው ያው ነው፣ ሥራው ግን የለም። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በሸክላ ማሰሮ ማቀዝቀዝ አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር ጥሩ ነው፤ የሂውስተን እርጥብ አየር ውሃውን ስለማያተንነው ብዙም አይረዳም። ትንሹ ኤሲ ያለበት ክፍል ይህንንም ይፈታዋል። ከ86 በላይ ሞቆ ሌላ ከሌለ መርፌው አይቋረጥ፤ ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ እየለኩ ይወጉ፣ አዲሱ እንደተገኘ ያኛው ይጣል። የአደጋ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የቴክሳስ ፋርማሲስት ሐኪሙን ማግኘት ባይችልም እስከ 30 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ሊሰጥ ስለሚችል፣ የብልቃጡን ፎቶ ስልክዎ ላይ ይያዙ።

የእኔ ቁርጥ ያለ ምክር ይህ ነው። 7,500 ዋቱን አይግዙ። ባለፈው ያደረጉት፣ እናትዎን ይዞ ዳላስ መሄድ፣ ዘንድሮም የመጀመሪያው ዕቅድዎ ይሁን፤ ልዩነቱ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ትንበያው ሂውስተንን ካመለከተ ነፋሱ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት መውጣት ነው። ማሽን፣ ሲሊንደርና ኢንሱሊን ይዘው፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። ጄኔሬተሩ መውጣት ላልተቻለበት ጊዜ ነው። ሁለት ሲሊንደር ብቻ ሲቀር፣ ወይም ክፍሉን ከ90 በታች ማድረግ ሲያቅት፣ ወይም ቤንዚኑ የአንድ ቀን ብቻ ሲሆን ውይይት ሳያስፈልግ ይወጣል። ይህን መስመር አሁን፣ መብራት ባለበት፣ ከእናትዎ ጋር ተስማሙበት፤ «እኔስ ቤቴን ትቼ አልሄድም» የሚባለው ያኔ ነውና።

ከግዢው አላርሞቹ ይቅደሙ፤ ዛሬ ይገዙ። ጄኔሬተሩን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ማቆየት ከቻሉ ቴክሳስ ለአደጋ ዝግጅት ዕቃዎች የሽያጭ ቀረጥ የምታነሣባቸው ቀናት አሉ፤ ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ይገባበታል። የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ቅዳሜ መብራት እንደጠፋ ቆጥረው ዋናውን ብሬከር ጠዋት አውርደው እስከ ማታ ይዋሉ። ጄኔሬተሩን ጓሮ አስነሡ፣ ገመዱ ይደርስ እንደሆነ፣ ኤሲውና ማሽኑ አብረው ይሠሩ እንደሆነ፣ በአንድ ጋሎን ስንት ሰዓት እንደሄደ ይጻፉ። እናትዎም በዚያ ክፍል ይዋሉ፤ ሲሊንደሩን ራሳቸው ከፍተው፣ መለኪያውን ራሳቸው አንብበው ይልመዱት።